የሰባት ቁጥር አመዳይ

ካርሁኒዬሚ፣ ጃንዋሪ 11

ውድ ሄልሚ፣

እንደምን ከረምሽ? እህትሽስ ደህና ናት? ልጆቿ በቁመት ደርሰውብሽ ይሆናል። እኛ ደህና ነን። ፀሐይ ሰሞኑን ከኮረብታው ጀርባ ቀላ ማለት ጀምራለች፤ እስክትወጣ ድረስ በመብራት ነው የምንተያየው። መልሴ የዘገየው ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። የላክሽው ሻርፕ ደርሷል። ለእኔ ነበር አይደል? እማ ከእጄ ነጥቃ "ምራቴ ለእኔ ነው የላከችው" ብላ ጠመጠመችው፤ ይኸው ስትተኛም አታወልቀውም።

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው። በረዶ ቤት ተቀጥሬያለሁ። አንቺ እዚህ ሳለሽ እየሳቅን ያለፍነው የበረዶ ጎጆ አሁን ሆቴል ሆኖልሻል፤ ሰው ከዓለም ዳርቻ መጥቶ በበረዶ አልጋ ላይ ይተኛል። ባለሱቋ አይሊ "ቤታቸው ማሞቂያ ተበላሽቶባቸው ነው?" ትላለች። ግድግዳውም ጣሪያውም አልጋውም የእኛው ወንዝ ነው። ባለፈው ማርች በረዶ ቆራጮቹ እነኒላ በመጋዝ ቆርጠው አውጥተውት፣ የሙቀቱን ወራት መጋዘን ውስጥ አሳልፎ፣ ኖቬምበር ላይ ቤት ሆኖ ቆመ። ሜይ ላይ ደግሞ ቀልጦ ወደ ወንዙ ይመለሳል።

ሥራዬ ቀላል ነው። ጠዋት በየክፍሉ ትኩስ የቀይ ሊንጎን ፍሬ ጭማቂ ይዤ እየዞርኩ እንግዳ እቀሰቅሳለሁ። እንግዳው ሲወጣ አመዳይ እፍቃለሁ። ሰው ሲተኛ ትንፋሹ ወጥቶ ከራስጌው ያለው በረዶ ላይ ይጋገራል፤ ነጭ፣ ላባ የመሰለ ክብ ይሠራል። ለአንድ ሰው አንድ ክብ፣ ለሁለት ሰው ሁለት። የተኳረፉ ባልና ሚስት ክባቸው ይራራቃል፣ የአዲስ ተጋቢዎቹ ይገጥማል። ማን ከማን ጋር እንዳደረ ከእኔ የሚሰወር የለም። ባለፈው "የሥራ ባልደረቦች ነን" ብለው ሁለት ክፍል የያዙ ነበሩ፤ የአንደኛው ክፍል ግድግዳ እንደ መስታወት ጠርቶ አደረ። ዝም አልኩ። ለአይሊ ብቻ ነው የነገርኳት።

እንግዲህ ወደማልወደው ልግባ። አዎ፣ እማ የመቃብር ድንጋዩን ነገር አንስታለች። ቬይኮ ከጠፋ ዓመት አለፈው፤ ለአንቺ ባል ነው፣ ለእኔ ደግሞ ያለኝ አንድ ወንድም ነው። እማ ሰጥሟል ብላ ቆርጣለች። ቄሱ ግን "አስከሬን በሌለበት፣ ሚስቱ ካልፈቀደች ስሙን ድንጋይ ላይ አላስጽፍም፣ ደወሉንም አላስደውልም" አሉ። እማ ልቧ ደክሟል፣ ሄልሚ። "የልጄ ስም ሳይቆም እኔን እንዳትቀብሩኝ" ትለኛለች፣ በየማታው፣ ሻርፕሽን አንገቷ ላይ ጠምጥማ። እሺ በያት።

ስለ ሰባት ቁጥር ክፍል የሚያስቅ ነገር ልጽፍልሽ ነበር፤ ይቅር፣ ሌላ ጊዜ።

ያንቺው ራውኒ

ኖርሾፒንግ፣ ጃንዋሪ 23

ውድ ራውኒ፣

ብርድ የመታው ጣትሽ ተሻለሽ ወይ? ስልክ ስላላነሳሁልሽ ይቅርታ። ስልኩ ያለው እህቴ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ስናገር ቴሌቪዥኑን ትቀንሰዋለች። በወረቀት ይሻለናል።

እንቅልፌ እንደ ድሮው ነው። ሥራው አይከፋም፤ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነኝ፣ ድንች ስልጥ እውላለሁ። እዚህ ማንም ስለ እኔ ምንም አያውቅም። ለዚያ ነው የመጣሁት። እናንተ ጋ እኮ ሱቅ ስገባ ወሬ የሚቋረጠው በኔ ምክንያት ነበር።

እማማን ሳሚልኝ። ሻርፑ የእርሳቸው ይሁን፣ ላንቺ ሌላ እሠራለሁ። የጠየቁኝን ግን አልችልም። እምቢ ማለቴ ክፋት እንዳይመስላቸው አስረጂልኝ። እኔ የምለው ይኼ ነው። ቬይኮ የዚያን ቀን ከእኔ ጋር ተጣልቶ ወንዙን ተሻገረ። በምን እንደተጣላን ብነግርሽ ትስቂያለሽ፤ በወጥ ቤት መጋረጃ ነው። ማዶ ኒላ ጋ ሳውና ገባ። ከዚያ በፊት ሱቅ ጎራ ብሎ ለአይሊ "በቃኝ፣ ኖርዌይ ሄጄ አሳ አጠምዳለሁ" አላት። አይሊ ደግሞ ለማን እንዳልነገረች አንቺው ታውቂያለሽ። አውቶቡሱ የሚቆመው እዚያው ማዶ ነው። ከሳውናው ሲወጣ ወደ አውቶቡሱ ዞረ ወይስ ወደ ወንዙ፣ ያየው የለም። ሌሊቱን የጣለው በረዶ ዱካውን አለበሰው። በማግስቱ ወንዙ ላይ ቀዳዳ አልተገኘም። አውቶቡሱ ላይም አየሁት ያለ የለም።

ወደ አውቶቡሱ ከዞረ ትቶኝ ሄዷል። ወደ ወንዙ ከዞረ ወደ እኔ ሲመጣ ነው የሰጠመው። ቄሱ ፍቀጂ ሲሉኝ የትኛውን ልፍቀድ? ትቶኝ ሄዶ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ውስጥ ቢራ ለሚጠጣ ሰው ደወል አላስደውልም። ወደ እኔ ሲመጣ የሞተ ከሆነ ደግሞ፣ ያንን ሳላውቅ በወሬ ብቻ ልቀብረው አልፈልግም። የሚያሳውቀኝ ይምጣና ያን ዕለት እሺ እላለሁ።

ሰባት ቁጥር ክፍል ያልሽው ምንድን ነው? አንቺ የሚያስቅ ነገር ጀምረሽ "ይቅር" ስትዪ ሰምቼሽ አላውቅም።

ሄልሚ

ካርሁኒዬሚ፣ ፌብሩዋሪ 2

ሄልሚዬ፣

ለእማ የነገርኳት ገሚሱን ነው። "እያሰበችበት ነው" አልኳት። ይቅር በይኝ።

ሰባት ቁጥርን ባላነሳው ኖሮ። አሁን ካልነገርኩሽ የባሰ ነገር ታስቢያለሽ፤ አውቅሻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ሆላንዳዊ አስተማሪ ነበር። ጭማቂውን ስሰጠው "የሌሊት ጠባቂያችሁ ቢገባ እኮ ደስ ይለኝ ነበር፣ ውጭ ቆሞ በረደው" አለኝ። እዚህ የሌሊት ጠባቂ ሞቃቱ ቤት ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ በየክፍሉ አይዞርም። "ምን ሰማህ?" ስለው ተነስቶ በእግሩ አሳየኝ። ደብ፣ ደብ፣ ደብ። ከጫማው በረዶ የሚያራግፍ ሰው። ክፍሎቹ በር የላቸውም፤ የአጋዘን ቆዳ መጋረጃ ነው ያላቸው። ከመጋረጃው ወዲያ ይመታል፣ ይቆማል፣ አይገባም። "ለእኔም ለእሱም መልካም ሌሊት ነበር" ብሎ ሳቀ። ሳቅኩለት፤ ጠጥቶ ይሆናል ብዬ።

ከዚያ ከጃፓን የመጡ ባልና ሚስት አደሩበት፣ ሽማግሌዎች ናቸው። ሲወጡ አጎንብሰው "በራችን ላይ ቆሞ ላደረው ሰው ምስጋናችንን አድርሱልን" አሉኝ። ምስጋናውን ለማን ላድርስ?

ለአለቃዬ የነገርኩት "ሰባት ቁጥር ጣሪያው ያንጠባጥባል" ብዬ ነው። ሰው እንዳይገባበት አደረገ። ደስ አለኝ። በነጋታው ጠዋት ግን እንዲሁ ልማድ ሆኖብኝ መፋቂያዬን ይዤ ገባሁ። ሄልሚ፣ ባዶ ክፍል ትንፋሽ የለውም። አጎዛው እንደተነጠፈ ነው፣ ማንም አልነካውም። ከራስጌው ላይ ግን ክብ አለ። በስተግራ፣ በግድግዳው በኩል። አንድ ብቻ። ፋቅሁት። በነጋታውም ነበረ። ፋቅሁት።

ለኒላ ነገርኩት። "ከአጠገብ ካለው ክፍል ሙቀት ሾልኮ ይሆናል" አለኝ፤ ይህን ሲል ግን ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ነው። ከዚያ "ራውኒ፣ እየፋቅሽ ዝም በይ" አለኝ። በረዶ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ዝም በይ ሲል እኔ ምን ልበል?

ይህን የጻፍኩልሽ እንድትመጪ አይደለም። እንዳትመጪ። ያንቺው።

ራውኒ

ኖርሾፒንግ፣ ፌብሩዋሪ 10

ራውኒ፣

አልተቆጣሁም። ደብዳቤሽን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ድንቹ አረረብኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም ያልነገርኩትን። እኔና ቬይኮ የተጣላን ቀን እሱ ቁልፍ እያለው አይገባም ነበር። ደጅ ቆሞ በረዶውን ያራግፋል። ደብ፣ ደብ፣ ደብ። ከዚያ ዝም ይላል። እኔ ከውስጥ "ግባ" እስክለው ይጠብቃል። ግማሹን ሌሊት የጠበቀበት ጊዜ አለ፤ እኔም ግትር ነኝ፣ ታውቂኛለሽ። "ግባ" ካልኩት ግን ያለፈው አለፈ ነው፤ ጠብ አይነሳም። ይህንን አይሊ አታውቅም፣ እማማ አያውቁም፣ አንቺም አታውቂም ነበር። ያ ሆላንዳዊ ከየት አወቀው?

አልጋችንም ላይ በግድግዳው በኩል የሚተኛው እሱ ነበር።

ማርች መግቢያ ላይ ዕረፍት አለኝ። ሰባት ቁጥርን ለአንድ ሌሊት ያዢልኝ። ለእማማ አትንገሪያቸው፤ ካልሆነልኝ ሁለተኛ ሐዘን አላስታቅፋቸውም።

ሄልሚ

ካርሁኒዬሚ፣ ፌብሩዋሪ 19

ሄልሚ፣

"አእምሮዬ ደህና ነው ወይ" ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ጠይቀሽኛል፣ አልመልስም። ክፍሉን ይዤልሻለሁ። አለቃዬን "ጣሪያው ተጠገነ" አልኩት። "ማን ጠገነው?" አለኝ። "ብርዱ" አልኩት። አመነኝ።

እንግዲህ ስሚኝ፤ ለእንግዳ ሁሉ የምለውን ላንቺም እላለሁ። ወፍራም ልብስ ደርበሽ እንዳትተኚ፤ ስስ የሱፍ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲና ኮፍያ ብቻ። የመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ስትገቢ ጫማሽን መሬት ላይ አትተዪው፣ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ፊትሽን ከረጢቱ ውስጥ አትቅበሪ፤ ትንፋሽሽ ውጭ ይውጣ፣ አለበለዚያ ከረጢቱ ይረጥብና ይበርድሻል። ማታ ሻይ አታብዢ፤ ሽንት ቤቱ ሞቃቱ ቤት ነው ያለው፣ መንገዱ ረጅም ነው። ከፈራሽ ወደ ሞቃቱ ቤት ሩጪ። የሚሳለቅብሽ የለም። ባለፈው አንድ ወታደር ነኝ ያለ ሰው ከረጢቱን እንደለበሰ እየዘለለ መጥቷል።

አንድ ነገር ደግሞ ልወቅ። ቢመታ ትመልሺለታለሽ? አትጻፊልኝ። ባቡር ጣቢያ ኒላ ይቀበልሻል፤ እኔ እማ ጋ እሆናለሁ፣ እንዳትጠረጥር።

ራውኒ

ካርሁኒዬሚ፣ ማርች 4

ሄልሚዬ፣

ሳትሰናበቺኝ መሄድሽ አላስቀየመኝም። ባቡርሽ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ ወይ? ኒላ "እስክትሳፈር አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ግን እንደ በፊቱ አልነበረችም፣ ቀለል ብላ ነበር" አለኝ።

ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም። እኔ ያየሁትን ብቻ ልጻፍልሽ፤ አንቺ ተኝተሽ ስለነበር።

መጋረጃውን ገልጬ ስገባ ተኝተሻል። አልጋው ለሦስት ሰው የሚበቃ ነው፤ አንቺ በስተቀኝ ጠርዙ ላይ ልትወድቂ ደርሰሻል። ሰው ቦታ ለቅቆ ሲተኛ እንደዚያ ነው። ከግድግዳው በኩል ያለው አጎዛ ጸጉሩ ተኝቷል፤ ሰው የከበደው ይመስላል። ቀና ብዬ ራስጌውን አየሁ። ሁለት ክብ። አንቺ በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ፤ ጠርዛቸው ገጥሞ አንድ ላይ ተጋግሯል። ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጬ ቀሰቀስኩሽ።

ስትነቂ ኩባያውን ተቀብለሽ "አንድ ብቻ?" አልሽኝ። በእንቅልፍ ልብሽ መስሎኝ ሳቅሁ። አንቺ ግን አልሳቅሽም፤ ገሚሱን ጠጥተሽ ገሚሱን ግድግዳው ጥግ አስቀመጥሽው። ከሄድሽ በኋላ ተመልሼ ሳየው ኩባያው ባዶ ነው። ፈስሶ ይሆናል ብዬ በረዶውን ፈለግሁ፤ ሊንጎን ነጭ በረዶ ላይ ቢፈስ እንደ ደም ነው የሚታየው። የለም።

እንዳልፍቀው ለምነሽኛል፤ አልፋቅሁትም።

እማ ትናንት "ሄልሚ መጥታ ነበር እንዴ? ቤቱ እሷን እሷን ይሸታል" አለችኝ። ክጄ ቀረሁ።

ራውኒ

ኖርሾፒንግ፣ ማርች 14

ውድ ራውኒ፣

ስለ ኩባያው ይቅርታ፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ለእማማ ስለዋሸሽልኝም ይቅርታ።

አልጠይቅሽም ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ እህቱ ነሽና የምችለውን ልንገርሽ። መብራቱን ካጠፋሁ በኋላ ያ ቤት ድምፅ ይውጣል። የራሴን ልብ ነበር የምሰማው። ከዚያ መጣ። ከመጋረጃው ወዲያ፣ እንደ ቤታችን ደጃፍ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዝም።

ብዙ ቆየሁ። ፈርቼ እንዳይመስልሽ፤ መፍራቱንስ ፈርቻለሁ፣ ዝም ያልኩት ግን በዚያ አይደለም። "ግባ" ካልኩት ሞቷል። ካላልኩት ኖርዌይ አሳ እያጠመደ ነው፣ እኔም እንደለመድኩት እየሰደብኩት እኖራለሁ። ስሰድበው እኮ በሕይወት ነበር፣ ራውኒ። ደግሞ መታ። ቬይኮ ሁለተኛ ጊዜ መትቶ አያውቅም። በርዶታል ማለት ነው ብዬ አሰብኩና አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ያለው የባልና ሚስት ነው።

አሁን እሺ ትላለች ብለሽ ጠብቀሻል፤ አውቃለሁ። ግን ባቡሩ ላይ ሆኜ ቀኑ ብርሃን ሲሆን ልቤ ተመለሰብኝ። እኔ የፈለግሁትን ሰምቼ ቢሆንስ? ሕልም ላይ ድንጋይ አይቆምም። ስለዚህ አንድ ነገር ስሪልኝ። አንቺ ጭማቂውን ሰጥተሽኝ ስትወጪ አጎዛውን ገልጬ ባትሪ አብርቼ ነበር። አልጋው በረዶ ውስጥ፣ በግድግዳው በኩል፣ አንድ ጥቁር ነገር አለ። ጥልቅ ነው፣ በእጅ አይደረስበትም። እጄን በላዩ ሳስቀምጥ እንደ ሌላው በረዶ አልበረደኝም። ኒላን ጠይቂው፤ ያ በረዶ ከየት ነው የመጣው?

ሄልሚ

ካርሁኒዬሚ፣ ኤፕሪል 21

ሄልሚ፣

አዎ፣ ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰውኛል። ዝም ያልኩት የምነግርሽ ሙሉ ሳይሆን ግማሹን ልኬ እንዳላንገበግብሽ ነው። እማ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ገብታ ወጥታለች፤ አሁን ቤት ናት። ድምፅዋ ትንሽ ነው፣ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው ነው፣ ምንም አያመልጣትም።

ኒላን ሳውናው በር ላይ ያዝኩት። እንዲህ ተባባልን።

"ኒላ፣ ሰባት ቁጥር አልጋ ውስጥ ጥቁር ነገር አለ።"

"ሳር ነው።"

"አይተኸዋል እንዴ?"

"ሳር መሰለኝ። ጥርቡን ስናወጣ ታይቶኛል። ለግድግዳና ለመስኮት የጠራውን ነው የምንመርጠው። ሳር ያለበት፣ ቅጠል ያለበት፣ አረፋ የያዘ፣ ያንን አልጋ ውስጥ እናደርገዋለን፤ አጎዛ ይለብሳል፣ ማን ያየዋል? ጥቁር ያለበትን ሁልጊዜ አልጋ ውስጥ ነው የምንቀብረው።"

"የምንቀብረው" አለና ቃሉ ራሱን ያስደነገጠው መሰለኝ።

"ከየት ነው ያወጣችሁት?" አልኩት።

በአገጩ ወንዙን አሻግሮ አመለከተ። ከዚያ "ከእናንተ ምሰሶ ፊት ለፊት። ጀልባ ከምታስሩበት" አለኝ።

እንቁረጠው ብል አለቃዬ አሻፈረኝ አለ። "እስከ ፋሲካ ክፍሉ ተይዟል፤ ከዚያም ቢሆን ቤቱን አንቆራርጠውም፣ እንደመጣ ይሄዳል" አለኝ። አሁን እንግዳው አልቋል። ጣሪያው መንጠባጠብ ጀምሯል። በየቀኑ ሄጄ አጎዛ የሌለው አልጋ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጥቁሩ ነገር ቀስ እያለ ወደ ላይ ይቀርበኛል፣ ወይም እኔ ወደ እሱ እወርዳለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። ካንቺ ሌሊት ወዲህ ብዙ ሰው አድሮበታል። የመታ የለም። አንድ ሰው ሲያድር አንድ ክብ፣ ሁለት ሲያድር ሁለት። ማንም ውጭ አልቆመም፣ ሄልሚ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ጠዋት ጠዋት ስገባ ክፍሉ የተከራየ ሰው ለቅቆት የሄደ ቤት ይመስለኛል።

ራውኒ

ካርሁኒዬሚ፣ ሜይ 9

ሄልሚ፣

ተቀምጠሽ አንብቢው።

አልጋው ዛሬ ለቀቀው። ከኒላ ጋር ነበርን። ሳር አይደለም።

ጓንት ነው፤ ግራጫ ሱፍ፣ የቀኝ እጅ፣ አውራ ጣቱ በቀይ ክር የተጣፈ። ግራጫ ክር አልቆብሽ በቀይ የጣፍሽለት ቀን እኔም ነበርኩ፤ "ሰው ምን ይለኛል" ብሎ ሲያለቃቅስ "ቀይ ከሆነ አይጠፋብህም" አልሽው። አልጠፋበትም።

ኒላ እንዳየው በረዶው ላይ በጉልበቱ ተቀመጠ። "ሁለቱንም አጥልቆ ነው ከእኔ ሳውና የወጣው። ምድጃው ላይ አድርቄ እኔው ነኝ ያቀበልኩት" አለ። ይህን ሲል አለቀሰ፤ ኒላን ሲያለቅስ አይተሽው ታውቂያለሽ? በዚያን ቀን ገና ስስ ነበር በረዶው፤ ሌሊቱን ጠንክሮ ጓንቱን እንደያዘ ዘጋ፣ ከላዩ ደግሞ ጣለበት። ለዚህ ነው ቀዳዳ ያልተገኘው።

ገባሽ አይደል? አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ወንዙ ላይ አይወጣም። አውቶቡሱ ያለው እዚያው ማዶ ነው። ይሄ ጓንት የእኛ ምሰሶ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። የወጥ ቤትሽ መብራት ከዚያ ይታያል።

ልነግርሽ ያልፈለግሁትን ደግሞ ልንገርሽ፤ በኋላ ስታይው ከምትደነግጪ። ጓንቱ ተጨብጧል። ውስጡን አይቻለሁ፣ ባዶ ነው፣ አይዞሽ። ግን ባዶ ጓንት እንደዚያ አይጨበጥም። የሌላ ሰው እጅ እንደያዘ ነው።

እማ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው። "ላኪላት" አለችኝ። "የእሷ ነው።" ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ድንጋዩን በተመለከተ አላጣድፍሽም አለች። ይህን ስትል ግን ሻርፑን ታፍተለትል ነበር።

ራውኒ

ኖርሾፒንግ፣ ጁን 3

ውድ ራውኒ፣

ደርሶኛል። ይቅርታ፣ ቶሎ አልጻፍኩም። እማማን እጃቸውን ሳሚልኝ። ለቄሱ የጻፍኩት በዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው፤ ይደወል። ድንጋዩ ይቁም። ለደወሉ ቀን እመጣለሁ፣ በዚያ ባቡር፣ በግልጽ፣ ሱቅ በኩል። አይሊ ስታየኝ ወሬዋን እንዳታቋርጥ ንገሪያት፤ እኔም ልሰማው።

በድንጋዩ ላይ ምን ይጻፍ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ስሙ፣ ዓመቶቹ፣ ከስሩ ደግሞ "ወደ ቤቱ ሲመጣ" የሚል ይጨመር። ሌላ ምንም። ከጎኑ ለእኔ ስም ቦታ ይተውልኝ፤ በግራ በኩል እሱ፣ በቀኝ እኔ።

ጓንቱ ደህና ነው ወይ ብለሻል። አልደርቅ ብሎኛል። ማሞቂያው ላይ አዋልኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ጠዋት ስነሳ ያው እርጥብ ነው፣ ያው ተጨብጧል። አሁን ትቼዋለሁ። ትራሴ አጠገብ ነው የማስተኛው፣ በግድግዳው በኩል። እህቴ ትናንት ክፍሌ ገብታ "ራስጌሽ ላይ ያለው ምንድን ነው? እርጥበት ነው፣ ሻጋታ ይሆናል፤ ቀለም እናስቀባው" አለችኝ። እዚህ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ልጆቿ ውጭ በቧንቧ ውሃ እየተራጩ ነው። ክቡ ነጭ ነው፣ ላባ ይመስላል፣ ስነካው ጣቴን በብርዱ ቆነጠጠኝ። ከእኔው ክብ ጋር ጠርዙ ገጥሟል።

"ማንም እንዳይነካው" አልኳት።

ኦገስት ላይ ልትጠይቂኝ እንደምትመጪ ጽፈሻል። ነዪ፣ አልጋ አለ። መፋቂያሽን ግን እዚያው ተዪው።

ሄልሚ